ሳንፈታው የተለያየንበት የካፓሲተር ጥያቄ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን ያህል ዓመት ሳልጽፍልህ መቆየቴ ጥፋቴ ነውና ይቅርታህን እለምናለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆትህ ብቻ አይደለም፤ ዶርም ውስጥ ስንከራከርበት አምሽተን፣ ሳንፈታው የተለያየንበት የካፓሲተር ጥያቄ ጭምር ነው፤ ካፓሲተር፣ ያ በሁለት ትይዩ ዝርግ ብረቶቹ ላይ ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ከባትሪ ጋር እንደተያያዘ ብረቶቹ ሲራራቁ ኢነርጂው ወዴት ይሄዳል የሚለው።

አሁን የምኖረው በከተማው ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ የከበዳቸው የጎረቤት ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጡ አብረን ጥያቄ እንሠራለን። በቅርቡ 30 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ የ4 እና የ1 ማይክሮ ኩሎም ፖዘቲቭ ቻርጆች መካከል የኤሌክትሪክ መስኩ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ኩሎም ቻርጅ ላይ የሚያርፈው ፎርስ፣ ዜሮ የሚሆንበትን ነጥብ እንዲፈልጉ ሰጠኋቸው። ሁሉም ቀመሩን ጽፈው ሁለቱን መስኮች ደመሩ እንጂ ቀስት የሣለ አንድም አልነበረም። አቅጣጫውን በቀስት እንዲያሳዩ ካደረግሁ በኋላ ግን፣ ከትልቁ ቻርጅ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለቱ መስኮች እኩልና ተቃራኒ እንደሚሆኑ ራሳቸው ደረሱበት። እዚያው ነጥብ ላይ ፖቴንሻሉ፣ ማለትም ለአንድ ኩሎም ቻርጅ የሚደርሰው ኢነርጂ፣ 270,000 ቮልት መሆኑን ሲያሰሉ ደግሞ እጅግ ተገረሙ፤ መስክ በሌለበት ፖቴንሻልም የሌለ መስሏቸው ነበርና።

በዕለት ንግግራችን «ኃይል» የሚለውን ቃል ለጉልበትም፣ ለመብራትም፣ ለሥልጣንም ስለምንጠቀምበት፣ ፎርስንና (መግፋትን ወይም መሳብን) ኢነርጂን (ሥራ የመሥራት አቅምን) ቢያምታቱ አልፈርድባቸውም። እኔ ቤት ሁሉንም በየስሙ እንጠራለን።

ከመካከላቸው አንዷ ልጅ የእኛኑ ጥያቄ፣ በእኛው ቃል ማለት ይቻላል፣ ስትጠይቀኝ ልቤ ወደዚያች ክፍል ተመለሰ። ታስታውሰው እንደሆነ፣ 10 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ተያይዞ 720 ማይክሮ ጁል ይይዛል። ባትሪው ተነቅሎ የዝርግ ብረቶቹ ርቀት በእጥፍ ቢሰፋ፣ ካፓሲተሩ በአንድ ቮልት የሚይዘው ቻርጅ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቻርጁ ግን መሄጃ ስለሌለው ቮልቴጁ 24 ይሆናል፣ ኢነርጂውም 1,440 ይደርሳል፤ ጭማሪው የሚሳሳቡትን ብረቶች ያራራቀው እጅ የሠራው ሥራ ነው። ይህን ያን ጊዜም አልተከራከርንበትም። ያስቸገረን ባትሪው ሳይነቀል ብረቶቹ ሲራራቁ ነበር፤ አሁንም እጃችን እየጎተተ ሥራ ይሠራል፣ የካፓሲተሩ ኢነርጂ ግን ወደ 360 ይወርዳል። አንተ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ጠፋ አልህ፣ እኔ ቀመሩ እዚህ ላይ አይሠራም አልሁ።

ሁለታችንም የሳትነው ባትሪውን ሰጪ ብቻ አድርገን ማየታችን ነው። ሒሳቡን ከልጆቹ ጋር ሳወራርደው፣ ቻርጁ ከ120 ወደ 60 ማይክሮ ኩሎም ሲወርድ ቀሪው 60 በ12 ቮልት ላይ ወደ ባትሪው ተመልሶ ይገባል፤ ይህም 720 ማይክሮ ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ 360ው ከካፓሲተሩ የወጣ ሲሆን፣ ሌላው 360 ቀስ ብሎ የጎተተው እጅ የሠራው ሥራ ነው። አንዲት ማይክሮ ጁል እንኳ አልጎደለችም! ወረቀቱን ለብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ስመለከተው፣ አጠገቤ አለመኖርህ በጣም ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ኢነርጂው በብረቶቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው መስክ ውስጥ እንደሚኖር አስረግጬ አስተምራለሁ፤ የፀሐይን ብርሃን ያለዚህ ማስረዳት አልችልምና። በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚያይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ያርፋል፤ ይህን ለብርሃን ፍጥነት ስናካፍለው በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 3.3 ማይክሮ ጁል ያህል እናገኛለን፣ ግማሹ በኤሌክትሪክ፣ ግማሹ በማግኔት መስክ። ከእኛ ካፓሲተር 720 ማይክሮ ጁል ከሁለት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ የሰፈራችንን የቆርቆሮ ጣሪያ ያግላል።

ልጅቷ አሁን ሌላ ጥያቄ አምጥታለች፤ ባትሪው እንደተያያዘ በብረቶቹ መካከል የመስታወት ዝርግ ብናስጠጋ፣ መስታወቱ ወደ ውስጥ ይሳባል ወይስ ይገፋል? ኢነርጂውስ ከማን ወደ ማን ይሄዳል? እኔ ሠርቼዋለሁ፣ መልሴን ግን ያንተ እስኪደርሰኝ ድረስ አልነግርህም። ሒሳቡን በእጅህ ጽፈህ፣ ቀስቶቹን ሥለህ ላክልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ