የኩባንያ ሂሳብ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይድረስ

ለካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን
ጉዳዩ፦ የኩባንያዎች የሂሳብ መረጃ ይፋ የሚሆንበት ጊዜና መንገድ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ኩባንያዎች የሚያወጡት መረጃ ይብዛ የሚል አቤቱታ ሳይደርስዎት አይቀርም። የእኛ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ ሂሳቡ ከቦርድ ስብሰባ ወጥቶ ሕዝብ ዘንድ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይጠር።

የሂሳብ ተመራማሪዎቹ ሬይ ቦል እና ፊሊፕ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓመታዊ ትርፍ ከሚይዘው መረጃ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው መግለጫው ከመውጣቱ በፊት በአክሲዮኑ ዋጋ ውስጥ እንደሚገባ አሳይተዋል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ገበያ የሩብ ዓመት ሪፖርትና የዘርፉን ዜና እያየ ይገምታል። ነውር የሚሆነው ዋጋውን ያንቀሳቀሰው ረቂቁን ቀድሞ ያየ ሰው ሲሆን ነው። ረቂቁን ደግሞ ብዙ ሰው ያየዋል፦ የሂሳብ ክፍሉ፣ የውጭ ኦዲተሩ፣ የቦርድ ጸሐፊው፣ አንዳንዴም ማተሚያ ቤቱ።

ስለዚህ ቦርዱ ሂሳቡን ባጸደቀበት ዕለት፣ ግብይት ከተዘጋ በኋላ፣ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ይለቀቁ፤ ሙሉው ሪፖርት ይከተል። እስከዚያ የሥራ መሪዎች በኩባንያው አክሲዮን አይገበያዩ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከመግለጫው በፊት ለ30 ቀናት ይከለክላቸዋል።

ዋና ዋና ቁጥሮች ስንል የተጣራ ትርፍ ብቻውን አይበቃም። ትርፍ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ በዱቤ ሽያጭ ሊያብጥ ይችላል። ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ገንዘብ) እና ከተዛማጅ ወገኖች፣ ማለትም ከባለቤቶች፣ ከኃላፊዎችና ከእህት ኩባንያዎች፣ ጋር የተደረገው ግብይት አብረው ይውጡ። ትርፉ እያደገ ጥሬ ገንዘቡ ከቀነሰ፣ የዓመቱ መጨረሻ ተሰብሳቢ ለዓመቱ የዱቤ ሽያጭ ተካፍሎ በ365 ይባዛ፤ ውጤቱ ገንዘቡ በአማካይ ስንት ቀን በደንበኛ እጅ እንደሚቆይ ይናገራል። ቀኑ ከዓመት ዓመት ከረዘመ፣ ምናልባት ደንበኛው መክፈል አቅቶታል፣ ወይም ሽያጩ ያለጊዜው ተመዝግቧል።

ለተመረጡ ሰዎች ሹክ ማለትም መቆም አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ደንብ፣ ወሳኝ መረጃን ሆን ብሎ ለተንታኝ የነገረ ኩባንያ በዚያው ቅጽበት ለሕዝብም እንዲናገር ያስገድዳል።

ክፉ ዜና መዘግየት ይወዳል። ቀነ ገደቡን የሚያሳልፍ ኩባንያ አስቀድሞ ምክንያቱን ይጻፍ፤ «ኦዲቱ ስላላለቀ» የሚለው ምንም አይነግርም። ከኦዲተሩ ጋር ያከራከረው አጠራጣሪ ዕዳ (ደንበኞች ላይከፍሉት የሚችሉት ገንዘብ) ነው ወይስ የንብረት ግምት? ይጠቀስ።

ማኅተም ተረግጦበት በስካነር የተነሣ ሪፖርትም ፎቶግራፍ ነው፤ ቁጥሩን በእጅ የሚገለብጥ ሰው ይሳሳታል፣ ይዘገያልም። ማኅተሙን አንጠላም፤ ከጎኑ ግን ኮምፒውተር የሚያነበው የኤክስቢአርኤል ፋይል ይቅረብ። የተለቀቀበት ሰዓትና ደቂቃም ይመዝገብ፤ ከግብይት መዝገቡ ጋር አስተያይቶ ከመግለጫው በፊት በነበሩት ቀናት ማን እንደገዛና ማን እንደሸጠ ማጣራት የሚቻለው ያኔ ነው።

ከሠላምታ ጋር፣
የሂሳብና የኦዲት ባለሙያዎች