የፈጠራ ሰዎችን ስትጠይቁ ሥዕሉንም ጠይቁልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፈጠራ ሰዎች የምታወጡትን እከታተላለሁ፣ በጣምም ደስ ይለኛል፣ ግን ሰውየው ምን እንደሰራ ትነግሩንና የሰራውን ወረቀት ላይ እንዴት እንዳሰፈረው ሳትጠይቁት ታልፋላችሁ። ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራህን ሌላው ያለፈቃድህ እንዳይሰራው የሚከለክልልህ መብት፣ የሚጠብቀው እኮ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ነው፣ እቃው የቱንም ያህል ቢሰራ ያልተጻፈው ነገር አይጠበቅም።

ብዙ ሰው የፓተንት ሥዕል ሲባል ባለ ቀለም ስሪዲ ይመስለዋል። አይደለም፣ ጥቁር መስመርና የየክፍሉ መለያ ቁጥር ነው በቃ። በአንድ ማመልከቻ በብዙ አገር ፓተንት ለመጠየቅ የሚያስችለው የፒሲቲ ስምምነት ደንብ እንኳን የግድ ካልሆነ በቀር ሥዕል ላይ ጽሑፍ አይፈቅድም፣ ቢበዛ «ውሃ»፣ «ክፍት»፣ «ዝግ» ዓይነት አንዳንድ ቃል ነው፣ የቁጥሮቹም ቁመት ከ0.32 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም። ለምሳሌ የአንድ እቃ ክዳን አንዴ 12 ከተባለ በሁሉም ሥዕል 12 ነው፣ ገለጻው ውስጥ፣ ማለትም እቃውን በቃላት የሚያስረዳው ጽሑፍ ውስጥ፣ የሌለ ቁጥር ሥዕሉ ላይ አይገባም፣ ሥዕሉ ላይ የሌለም ገለጻው ውስጥ አይጠራም። 10፣ 12፣ 14 እያሉ እየዘለሉ መቁጠር ጥሩ ነው፣ የተረሳ ክፍል ሲመጣ ቦታ ይኖረዋል።

ዋናው ከባድ ነገር ግን ገለጻው ነው። «ክዳኑ ሞላ 16 አለው» ብሎ ማለፍ ምንም አልተባለም ማለት ነው። ሞላው የት ተቀመጠ፣ ከምን ጋር ተያያዘ፣ እጅ ሲለቀው ክዳኑን ወዴት ይገፋዋል፣ በሞላ ፈንታ ጎማ ቢገባስ ይሰራል ወይ? ይሄ ሁሉ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም ማመልከቻው ከገባ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር አይቻልም፣ ጎማውን ካልጻፍክ ሌላው ሰው በጎማ ሰርቶ ሊያልፍህ ይችላል። ክሌሙን፣ ማለትም ጥበቃ የሚጠየቅለት ነገር ምን እንደሆነ የሚወስነውን ክፍል፣ ባለሙያ ይጻፈው እሺ፣ የመጀመሪያውን ሥዕልና ገለጻ ግን ፈጣሪው ራሱ ቢሰራው እላለሁ፣ የእቃውን ሆድ እቃ የሚያውቀው እሱ ነዋ።

ለመማር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ጉግል ፓተንትስ፣ ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕ በሚባሉት የኢንተርኔት ማውጫዎች ላይ የሌሎች ሰዎች ፓተንት ከነሥዕሉ በነፃ አለ። ቀላል እቃ መርጦ፣ ሥዕሉን ሸፍኖ፣ ገለጻውን ብቻ እያነበቡ መሳል፣ ከዛ ከዋናው ጋር ማስተያየት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ገለጻ መጻፍ። የራስን ሲጽፉ ደግሞ ሙያውን ለሚያውቅ ግን እቃውን አይቶት ለማያውቅ፣ ሚስጥር ለሚጠብቅ ሰው መስጠትና ዝም ብሎ ማየት ነው። ግራ የገባው ቦታ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። ሕጉም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ በሙያው ያለ ሰው አንብቦ ሊሰራው መቻል አለበት።

ሚስጥር ያልኩት በከንቱ አይደለም። በብዙ አገር ፈጠራው ማመልከቻ ሳይገባ በፊት በይፋ ከወጣ አዲስነቱ ይጠፋል፣ መብቱም አብሮ ይሄዳል፣ ጋዜጣ ላይ መውጣትም ይቆጠራል። ስለዚህ እባካችሁ ውስጡን የሚያሳይ ፎቶ ከማተማችሁ በፊት ማመልከቻውን አስገብቶ እንደሆነ ጠይቁት፣ ካላስገባ ጽሑፉ ትንሽ ይቆይለት።

አንባቢያችሁ