ጨው ለሚችል ዘር ከማሽላችን እንጀምር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጨው የሚቋቋም ሩዝ ስለማዳቀል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ድሬዳዋ ሆኜ አነበብኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም አለማለሁና ነገሩ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው። በበጋ አጠጥተን ፀሐይዋ ስትበረታ የቦዩ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከዚያ የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ይደርቃል። ገበሬው ውኃ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል፤ ውኃው ግን ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል።

የሩዙ ሥራ ያስደስታል። መነሻውን ግን ልብ እንበል። ፖካሊ የሚባለውን ሩዝ በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ጠረፍ፣ ገበሬዎች የባሕር ውኃ በሚገባበት ማሳ ሲዘሩት ኖረዋል። ተመራማሪዎች ሳልቶል የተባለውን የዘረመል ክፍል ያገኙት ከእሱ ነው። ይህ ክፍል በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ቅጠል ላይ እንዳይበዛ ያግዛል። ከዚያ ምርታማ ከሆኑ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉት። መፍትሔው ገበሬው ጎተራ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እኛስ? ሐረርጌ ሙይራ አለ፣ ፈንዲሻ አለ፤ አያቶቻችን ያቆዩአቸው ማሽላዎች። ማሽላ ደግሞ ከሩዝ ይልቅ ጨው ይችላል። በአፈር ጨውነት መለኪያ፣ በዴሲሲመንስ በሜትር፣ የሽንኩርት ምርት ከ1.2፣ የሩዝ ከ3 ገደማ ጀምሮ ይቀንሳል። ማሽላ እስከ 6.8 ይችላል። ታዲያ ለድሬ ቆላ ለምን ከማሽላ አንጀምርም?

ዘር ብቻውን አይበቃም። አፋር ውስጥ፣ መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ በመስኖ ይለማ የነበረ የጥጥ መሬት ውኃው መውጫ አጥቶ ጨው በልቶት ተጥሏል። ማፋሰሻ ቦይ የግድ ነው። ግን ቦዩ እስኪቆፈር ገበሬው ምን ይብላ?

ጥያቄዬ ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲና ለሌሎችም የዘር ተመራማሪዎች ነው። የአካባቢውን ማሽላዎች ሰብስባችሁ በጨዋማ ውኃ ፈትኗቸው፤ በተለይ ለጋ ሳሉ። ፈተናው ግቢ ውስጥ ብቻ አይቅር። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ድሬ 1,200 ገደማ ስለሆነ ይበልጥ ይሞቃል። በሙቀት ተክሉ ብዙ ውኃ ይስባል፣ ጨውም አብሮ ይገባል። ስለዚህ እኛ ማሳ ላይ፣ እኛው በምናጠጣው ውኃ ይፈተን። የሙከራ መሬት የሚሰጥ ገበሬ አይጠፋም፤ እኔም ጨው የበላውን ጥግ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አትክልት አምራች፣ ድሬዳዋ