የታሪክ ክበብ፦ በስፒል የተጀመረ ክስ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ 26 አባላት ነበሩት። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ተሰብስበናል፤ የግድግዳ ጋዜጣችንም አራት ጊዜ ወጥቷል። ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ግን የያዘን አንድ ጉዳይ ነበር፦ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ መንደሮች ጎረቤት ጎረቤቱን በጥንቆላ የከሰሰበት ታሪክ።

ክርክሩ «ጠንቋይ» ከሚለው ቃል ጀመረ። የእኛ ጠንቋይ ሰው ገንዘብ ይዞ ደጁ የሚጠናው ነው። በእንግሊዝም የጠፋ ዕቃ የሚጠቁም፣ መድኃኒት የሚሰጥ እንዲህ ያለ «አዋቂ» ነበር። ለፍርድ የምትቀርበው ግን በአብዛኛው ሌላ ናት፤ ወተትና እርሾ ፍለጋ ከቤት ቤት የምትዞር ድሃ አሮጊት። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን «መተተኛ እንበላት» አለች፤ በድምፅ ብልጫ አጸደቅነው።

ያነበብናቸው ክሶች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ሴትዮዋ ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ይከለክላታል፤ እያጉረመረመች ትሄዳለች። ከቀናት በኋላ ላም ስትነጥፍ ወይም ልጅ ሲታመም የከለከለው ሰው ያቺን ማጉረምረም ያስታውሳል። በኤሴክስ፣ በሴንት ኦሲዝ መንደር፣ ኧርሱላ ኬምፕ ለጎረቤቷ ለግሬስ ተርሎው ሕፃን ሞግዚት ልሁን ብላ እምቢ ተባለች። ሕፃኗ ከአልጋዋ ወድቃ አንገቷ ተሰብሮ ሞተች። ኧርሱላ እ.ኤ.አ. በ1582 ተሰቀለች፤ የመሰከረባት የስምንት ዓመት ልጇ ጭምር ነው። እኔ የማምነው ክሱን የወለደው የከልካዩ ኅሊና መሆኑን ነው።

ለወላጆች በዓል የመረጥነው በሰሜን እንግሊዝ ካለው ከፔንድል ኮረብታ አካባቢ የመጡ ሰዎች የተዳኙበትን ችሎት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1612 በላንካሽር፣ በኮልን አቅራቢያ፣ ወጣቷ አሊዞን ዲቫይስ ጆን ሎው ከሚባል ሱቅ በደረቴ ስፒል ጠየቀች። ሸክሜን አልፈታም አላት። ወዲያው ወደቀ፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። የዛሬ ሐኪም ስትሮክ ሳይለው አይቀርም። እሷ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አመነች፤ ተንበርክካ ይቅርታ ለመነችው። ነገሩ በዚያ አልበረደም። የአሊዞን ቤተሰብና የጎረቤታቸው የቻቶክስ ቤተሰብ ልብስና ዱቄት ተሰረቀ በሚል የቆየ ቂም ነበራቸው፤ በምርመራው አንዱ ሌላውን አጋለጠ። ኦገስት 20 ቀን አሥር ሰዎች በላንካስተር ተሰቀሉ፤ አሊዞንና እናቷ ኤልዛቤት አብረው።

በእናትዮዋ ላይ የመሰከረችው ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ልጇ ጄኔት ነበረች። እናቷ በጩኸት ስታቋርጣት ከችሎት አስወጧት፤ ልጅቱንም ጠረጴዛ ላይ አቆሟት። ይህን ክፍል የተጫወተችው የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን በሦስተኛው ልምምድ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ቃሏን መናገር አቃታት፤ «እናቴን እያየሁ አልልም» አለች። ጀርባዋን ለእናትዮዋ እንድትሰጥ አደረግን። በበዓሉ ቀንም እንዲሁ ተናገረች፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ አዳመጣት።

ጄኔት ዲቫይስ የሚለው ስም በ1634ቱ የላንካሽር ክስ ውስጥ ከተከሳሾች መካከል እንደገና ይገኛል። የዚያ ክስ ዋና ምስክር የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባላቱ በሚቀጥለው ዓመት የሚጀምሩት ከዚያ ነው። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ በመስከረም የመጀመሪያው ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ይምጣ።