በደማስቆ አሮጌ ቤቶች ፎቅ ላይ ሲሚንቶ አይለሰን

ውድ አባላት፣

በአሮጌዋ ደማስቆ የውስጥ ግቢ ያላቸው ቤቶች የታችኛው ወለላቸው በጥቁርና ነጭ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ ፎቁ ግን በፖፕላር እንጨት ተዋቅሮ በጭቃ ጡብ የተሞላ ነው። ትልቁ ጥፋት ይህን ፎቅ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ጭቃው የያዘው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ውጭው ደኅና እየመሰለ ግድግዳው ውስጥ የገባው ወለሉን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት (ወራጅ) ጫፍ ይበሰብሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጫፎቹን በወስፌ ውጉ። ያለ ችግር ከገባ በስብሷል ማለት ነው፤ የተበላሸውን ብቻ ቆርጣችሁ ጤነኛ እንጨት ቀጥሉ።

ልስኑ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይሁን። በላዩ 1 እጅ በውሃ ተዘፍዝፎ የከረመ ኖራ ከ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይለሰናል። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ ለ1 ሳምንት ውሃ እርጩበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጣሪያው ፍሳሽና በግቢው መሃል ያለው የገንዳ ቧንቧ ይጠገን። ከሥር የሚወጣው ውሃ ጨው ይዞ እየወጣ ድንጋዩን ይልጣል፤ ይህ ሳይቆም የሚደረግ ልስን ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ሰሜን የተከፈተውን ኢዋን፣ ማለትም በግቢው በኩል ግድግዳ የሌለውን አዳራሽ፣ በመስታወት አትዝጉ። የአጀሚ ሥዕል (ከፍ ከፍ ያለ ባለቀለም ጌጥ) ያለበትን እንጨትም በውሃ አትጠቡ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው የጄሶና የሙጫ ጌጥ ይላቀቃል።