ቅዳሜ ለገሃር፦ የፉርጎዎቹ መስኮት ሥር

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት 2:30 ለገሃር እንገናኝ። ክረምት ሳይገባ የአሮጌዎቹን የባቡር ፉርጎዎች መስኮት ሥር ጠግነን መጨረስ አለብን። የውሃ መውጫዋ ቀዳዳ በአቧራ ስትደፈን ውሃው በላሜራውና በእንጨቱ መሃል ይተኛል፤ ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ ከውስጥ ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። ያበጠውን ቀለም በ80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ120 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ፈግፍጉ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ ክልክል ነው፤ ማስክም አድርጉ። ብረቱን በጨርቅ አድርቃችሁ በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡት፤ ራቁቱን ካደረ የሌሊቱ ጤዛ ብቻ ያዝገዋል።

እባካችሁ፣ የወለቀ ቡሎን አትጣሉ። ምትክ ዕቃ ከሌላ ባቡር መውሰድ ቀላል አይደለም፦ የዚህ የድሮ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የከተማው ኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ነው፤ ለምሳሌ አክስል ከዚያ ተውሰን አንገጥምም።