ጉዳዩ፦ ሐኪም ሳይጠየቅ የታዘዘ መድኃኒት ስለመቀየሩ

ለፋርማሲው ኃላፊ
ባሕር ዳር

አባቴ የቆዩ ደንበኛችሁ ናቸው። ጣና ዳር ያደጉ ሰው ናቸው፤ ከሐይቅ ውኃ የሚይዘው የቢልሃርዝያ ትል ጉበታቸውን ጎድቶት ኖሮ ዓምና ደም አስመለሳቸው። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ሲታዩ የምግብ ቧንቧቸው ደም ሥሮች አብጠው ተገኙ። ሥሮቹ በላስቲክ ከታሰሩላቸው በኋላ ሐኪማቸው ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ አዘዙላቸው።

ባለፈው ሳምንት ማዘዣውን ይዘው ሲመጡ ባለሙያችሁ አቴኖሎል ሰጧቸው። "ይሄ እኔ የምውጠው አይመስልም" ሲሉ "ያው ነው አባባ፣ ሁለቱም የግፊት ነው" ተባሉ። ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ "በቀን አንድ" ተጽፏል፤ ደረሰኙ ግን ፕሮፕራኖሎል ይላል።

ያው አይደለም። አባቴ የደም ግፊት ሕመም የለባቸውም፤ እንዲያውም ግፊታቸው ዝቅ ይላል። መድኃኒቱ የታዘዘላቸው ከአንጀት ወደ ጉበት በሚገባው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት እንዲቀንስ ነው። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ከማርገብ አልፎ ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄዱትን ደም ሥሮች ያጠብባል፤ ወደ ጉበት የሚጎርፈው ደም የሚቀንሰው በዚህ ነው። አቴኖሎል በዋናነት የሚሠራው ልብ ላይ ስለሆነ ይህን አያደርግም። ለዚህ ሕመም ሐኪሞች በምትኩ የሚሰጡት ካርቬዲሎልን ነው፤ እሱንም ራሳቸው መጥነው። (ይህን ለመድኃኒት ባለሙያ የምጽፈው እኔ የሒሳብ ሠራተኛዋ መሆኔ ይገርማል።)

ሐኪማቸው ከመጀመሪያው "በድንገት እንዳያቋርጡ፣ ሥሩ ተመልሶ ሊደማ ይችላል" ብለዋቸው ነበር። እናንተ ሳያውቁት አስቋረጣችኋቸው።

መድኃኒት መጥፋቱን አልወቅስም፤ እንደሚጠፋ እናውቃለን። "የለም" ብትሏቸው ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር፤ ነገሩን እንዳወቅን ፈልገን አግኝተናል። የሐኪሙ ስልክም ማዘዣው ላይ አለ።

የጻፍኩት ገንዘቡ እንዲመለስልኝ አይደለም። ደረሰኙ ያልተሰጠ መድኃኒት ስም ለምን እንደያዘ በጽሑፍ እንድታስረዱኝ፣ በዚሁ መልክ አቴኖሎል የተሰጣቸው ሌሎች ሰዎች ካሉም ከመዝገባችሁ ፈልጋችሁ እንድትደውሉላቸው እጠይቃለሁ። የማዘዣውን፣ የደረሰኙንና የከረጢቱን ፎቶ አያይዣለሁ። ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚቆጣጠራችሁ መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚው ልጅ